ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት፦ የስፖርት መኪና ፍሪሲዮን የዘይት መስመር ሲታመም

ማርሽ አልገባ ያለች መኪና ጋራዥ ስትደርስ ቶሎ የሚሰጣት ፍርድ ይታወቃል፤ "ሸራው አልቋል፣ ካምቢዮ ይውረድ።" አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሸራው፣ ማለትም ሞተርና ካምቢዮን የሚያያይዘው ሳህን፣ ገና ይሠራል። የታመመው ሸራውን የሚያላቅቀው የዘይት መስመር ነው። ሁለቱ በዋጋም በድካምም አይገናኙም። ስለዚህ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ሲረገጥ ታች ካምቢዮው አጠገብ ያለው የመላቀቂያ ዘንግ ስንት ሚሊሜትር ሄደ? ይህን ሳይለካ ካምቢዮ የሚያወርድ መካኒክ እየገመተ ነው። በእናንተ ገንዘብ።

ዋናዋ ምሳሌዬ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፤ አሜሪካ ውስጥ ሚያታ የሚሏት ትንሽዋ ጣሪያ ክፍት ስፖርት መኪና። በፈረንጆቹ 1989 ወጣች። እስከ 2005 የተሠሩት ሁለቱ የመጀመሪያ ትውልዶች ለዚህ ትምህርት ይመቻሉ፤ ምክንያቱም የታችኛው የፍሪሲዮን ፓምፓቸው ካምቢዮው ላይ ከውጭ ተለጥፎ ይታያል፣ ይነካል። ደግሞም ያ ፓምፕ በማፍሰስ የታወቀ ስለሆነ ችግሩን የማያውቅ የሚያታ ባለቤት ጥቂት ነው። ከእሷ ቀጥሎ ቼቭሮሌት ኮርቬትንና ኒሳን 370ዜድን አነሳለሁ። የሕመሙ ምልክት ተመሳሳይ ነው። ሕክምናው ግን ሌላ ዓለም ነው።

ውስጡ ምን ይካሄዳል

እግራችሁ ፔዳሉን ሲረግጥ ከፔዳሉ ጀርባ ያለ ዘንግ የላይኛውን ፓምፕ ፒስተን ይገፋል። ፒስተኑ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቱቦ ወደ ታች ይልካል። ታች ካምቢዮው አጠገብ ሌላ ፓምፕ አለ። እሱ የመጣለትን ዘይት ተቀብሎ የራሱን ዘንግ ያወጣል። ዘንጉ ሹካ መሰል ማንሻ ይገፋል፤ ማንሻው ኩሽኔታውን ይገፋል፤ ኩሽኔታው የፕሬዠር ፕሌቱን (ሸራውን ተጭኖ የሚይዘውን ብረት) ጣቶች ይጫናል። ያኔ ፕሌቱ ሸራውን ይለቀዋል፤ ሞተርና ካምቢዮ ይለያያሉ። ሁለት ስሪንጅ በቱቦ አገናኝታችሁ ውሃ ብትሞሉና አንዱን ብትገፉ ሌላው ይወጣል። ከዚያ የተለየ ምሥጢር የለውም። መርሁ ከሃይስ ሚኒባስም ከአይሱዙ ጭነት መኪናም አይለይም።

ምሥጢር ባይኖረውም ስስት አለው። ውስጡ 16 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የላይኛው ፓምፕ ፒስተኑ 25 ሚሊሜትር ቢጓዝ ወደ ታች የሚልከው ዘይት 5 ሲሲ ገደማ ብቻ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። መስመሩ ውስጥ 1 ሲሲ አየር ካለ፣ ዘይት ባይታመቅም አየር ይታመቃልና ከእግራችሁ ጉዞ አምስት አንዱ ያህል አየሩን በመጭመቅ ያልቃል። ፕሌቱ ከሸራው የሚርቀው ደግሞ በጣት በሚቆጠር ሚሊሜትር እንኳን አይደለም፤ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ ትንሽ አየር፣ ትንሽ የላላ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያመልጥ የሚያግድ ላስቲክ) ወይም የምታብጥ አሮጌ ቱቦ ማርሽ እንዳይገባ ለማድረግ ይበቃሉ።

ይህ አሠራር በስፖርት መኪናዎች ላይ ሁልጊዜ አልነበረም። ፖርሽ 911 የዘይት ፍሪሲዮን ያገኘው በ1987 ሞዴሉ ነው። ፎርድ ማስታንግ እስከ 2004 ድረስ በሽቦ ገመድ ነበር የሚሠራው። ገመድ ሸራው ባለቀ ቁጥር መስተካከል ይፈልጋል። ዘይት ግን ሸራው ሲሳሳ ራሱን ያስተካክላል። ጥሩ ነገር ነው፤ አንድ ጉዳት ግን አለው። ሸራው እያለቀ መሆኑን ፔዳሉ አይነግራችሁም። የፔዳል ስሜት ከተለወጠ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዘይት መስመሩ የሆነውም ለዚህ ነው።

ፔዳሉ የሚናገረው

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አልላቀቅ ሲል ነው። ማርሽ አይገባም፣ ኋላ ማርሽ ይንኳኳል፣ ቆማችሁ አንደኛ ለማስገባት ትታገላላችሁ። ሁለተኛው ፍሪሲዮኑ አልይዝ ሲል ነው። ነዳጅ ትሰጣላችሁ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ የዘይት ችግር ነው። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ የሸራ ችግር ነው። "ብዙውን ጊዜ" ያልኩት አንድ አስቸጋሪ ልዩነት ስላለ ነው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ለመጀመሪያው ዓይነት ቀላሉ ፈተና ኋላ ማርሽ ነው። ሞተሩ ይሙቅ። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ አሥር ሰከንድ ያህል ጠብቁ፤ የካምቢዮው ዘንግ መሽከርከሩን ያቁም። ከዚያ ኋላ ማርሽ አስገቡ። በብዙ ካምቢዮዎች ላይ ኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ማርሹ ሳይንኳኳ እንዲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስል ክፍል) ስለሌለው ምንም አይደብቅም። ጸጥ ብሎ ከገባ ፍሪሲዮኑ ይላቀቃል። "ግርርር" ካለ ዘንጉ አሁንም እየዞረ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ይጎትታል ማለት ነው።

አሁን ፔዳሉን በፍጥነት ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጣችሁ እንደገና ሞክሩ። ይህች ትንሽ ሙከራ ብዙ ትናገራለች። ስትደጋግሙ ፔዳሉ ጠነከረ፣ መያዣ ነጥቡም (ፍሪሲዮኑ መያዝ የሚጀምርበት ቦታ) ከፍ አለ፣ ማርሹም ገባ? እንግዲያው መስመሩ ውስጥ አየር አለ፣ ወይም የአንዱ ፓምፕ ጎሚኒ ደክሟል። ምንም ለውጥ ከሌለ ግን የዘይት መስመሩን ነፃ አላወጣችሁትም፤ ገና መለካት አለባችሁ።

ሌላው የትዕግሥት ፈተና ነው። ሜዳ ላይ፣ ፊት ለፊት ሰውም ግድግዳም በሌለበት፣ አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ ቁሙ። ቀኝ እግራችሁ ፍሬን አጠገብ ይሁን። ግማሽ ደቂቃ ያህል ፔዳሉን ሳታንቀሳቅሱ ያዙት። መኪናዋ ቀስ በቀስ ወደ ፊት መሳብ ከጀመረች ግፊቱ በሆነ መንገድ እያመለጠ ነው። ውጭ ጠብታ ከሌለ ተጠርጣሪው የላይኛው ፓምፕ ነው። የውስጥ ጎሚኒው ሲበላ ዘይቱ ፒስተኑን አልፎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከውጭ አንዲት ጠብታ አትታይም፤ የዘይቱም መጠን አይቀንስም። "ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ስለዚህ ፓምፑ ደህና ነው" የሚለው ሐሳብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ፔዳሉ ወለል ላይ ወርዶ ሲቀርስ? በእግር ጣት መልሳችሁ ታነሱታላችሁ። በብዙ መኪና ላይ ፔዳሉ ጋ አጋዥ ሞላ አለ። የመጀመሪያውን ግማሽ መንገድ ያስቸግራል፤ መካከሉን ካለፈ በኋላ ግን እሱ ራሱ ወደ ታች ይገፋል። በጤናማ መስመር ከታች የሚመለሰው ግፊት ያንን ሞላ ያሸንፈዋል። ግፊቱ ሲዳከም ሞላው ያሸንፍና ፔዳሉ ተጣብቆ ይቀራል። ሞላውን መቀየር ስሜቱን ያሳምራል፤ በሽታውን ግን አያድንም።

አንድ የማስጠንቀቂያ ነገር ላክል። ቢኤምደብሊው በብዙ ሞዴሎቹ የፍሪሲዮን መስመር ውስጥ ዘይቱ ሲመለስ የሚያዘገይ ትንሽ ማጥበቢያ አለ። እግራችሁን ድንገት ብታነሱም ፍሪሲዮኑ በዝግታ ይይዛል። ይህን "እየተንሸራተተ ነው" ብሎ ሸራ የሚያስቀይር ሰው አለ። ብልሽት አይደለም፣ ዲዛይን ነው። ወደዳችሁትም ጠላችሁትም።

መለኪያው

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሚያታን በክሪክ አንሥታችሁ ጠንካራ ማቆሚያ ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር አትግቡ። ጭስ ማውጫው ይቀዝቅዝ። ካምቢዮውና ሞተሩ በሚጋጠሙበት ሽፋን በቀኝ በኩል በሁለት ብሎን የተያዘች፣ ጫፏ ላይ ጥቁር ላስቲክ ያጠለቀች ትንሽ ሲሊንደር ታያላችሁ። ከላስቲኩ ውስጥ የሚወጣው ዘንግ ማንሻውን ይገፋል።

ሞተሩ ጠፍቶ ሌላ ሰው ፔዳሉን ቀስ ብሎ እስከ ወለል ይርገጥ። እናንተ ማስመሪያ ይዛችሁ ዘንጉ ወይም የማንሻው ጫፍ ምን ያህል እንደሄደ ለኩ። የእያንዳንዱ መኪና ትክክለኛ ቁጥር በጥገና መጽሐፉ ላይ ይገኛል። ማንሻ ባላቸው በዚህ ዓይነት መኪናዎች ላይ ከ10 ሚሊሜትር በላይ መጠበቅ ያግባባል። አምስት ስድስት ሚሊሜትር ብቻ ካያችሁ ካምቢዮውን የማውረድ ወሬ ይቁም። ችግሩ ከእናንተ እጅ እስከ ፔዳሉ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ሰውየው ፔዳሉን ይዞ እንዲቆይም ንገሩት። ዘንጉ በሙሉ ከሄደ በኋላ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ከተመለሰ የግማሽ ደቂቃውን ፈተና በዓይናችሁ አያችሁት ማለት ነው። የላስቲኩን ቱቦም በእጃችሁ ያዙ። ሲረገጥ እጃችሁ ውስጥ የምታብጥ ከሆነ የግፊቱን ድርሻ እየበላች ነው። የሚያታ ባለቤቶች ይህችን ቱቦ ከውጭ በብረት ሽቦ በተጠለፈ ቱቦ መለወጥ ይወዳሉ። እኔም እደግፋለሁ፤ አሮጌ ላስቲክ ላይ ገንዘብ መቆጠብ ትርፍ የለውም።

ላይ ደግሞ እናንተው ራሳችሁ ፔዳሉ ሥር በባትሪ ተመልከቱ። ፔዳሉ የተበየደበት ብረት ተሰንጥቆ ይሆናል። ፔዳሉን ከፓምፑ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ፒን ተበልቶ ይሆናል። ጠንካራ ፕሬዠር ፕሌት የተገጠመላቸው የተጠናከሩ መኪናዎች ላይ የላይኛው ፓምፕ የታሰረበት የሞተር ክፍል ግድግዳ ራሱ ሲረገጥ ይለመጣል። ሰው እየረገጠ ኮፈኑን ከፍታችሁ ፓምፑን እዩት። ወደ ፊት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ያ እንቅስቃሴ ከጉዟችሁ ላይ እየተቀነሰ ነው። የወለል ምንጣፍም ፔዳሉን ሊያግድ ይችላል። ያስቃል፣ ግን ይከሰታል።

ዘይቱ የት ሄደ

የፍሪሲዮን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይቃጠልም። ከቀነሰ የሆነ ቦታ ፈሷል። ሸራው ሲሳሳ እንዲያውም መያዣው ውስጥ ያለው መጠን በጥቂቱ ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ "ሞልቼዋለሁ፣ አሁን ይሠራል" ማለት መፍትሔ አይደለም፤ ቀጠሮ ማራዘሚያ ነው።

የላይኛው ፓምፕ ሲያፈስ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ወደ ሾፌሩ ነው። ከፔዳሉ በላይ ዘንጉ ወደሚገባበት ቦታ ጣታችሁን ስደዱ። እርጥብ ከሆነ ፍርዱ ተሰጠ። የታችኛው ፓምፕ ላይ ደግሞ የጥቁሩን ላስቲክ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ግለጡት። ጤናማ ከሆነ ደረቅ ነው። ዘይት ከወጣው ጎሚኒው አብቅቷል፤ ገና ወደ መሬት መንጠባጠብ ባይጀምርም።

መሬት ላይ ያለው ጠብታ የማን እንደሆነ መለየት ቀላል ነው። የሞተር ዘይት ወፍራምና ቡናማ ወይም ጥቁር ነው። የካምቢዮ ዘይት የሚከረፋ ሽታ አለው። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ በውሃም ይታጠባል። ጥርጣሬ ካላችሁ ጠብታውን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል፤ የፍሬን ዘይት ከውሃው ይቀላቀላል። ቀለም ስለሚልጥ ግን የመኪናው አካል ላይ ከነካ ወዲያው በውሃ አጥቡት።

ሚያታ ለፍሪሲዮኗ የራሷ ትንሽ የዘይት መያዣ አላት። ቢኤምደብሊው፣ ፖርሽና ሌሎች ብዙዎች ግን ከፍሬኑ መያዣ ይጋራሉ። የፍሪሲዮኑ ቀዳዳ በመያዣው ላይ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ፍሪሲዮኑ ቢያፈስ ለፍሬኑ ዘይት እንዲተርፍ። እንዲህ ባለ መኪና ላይ የፍሬን መብራት ሲበራ ፍሬኑ ብቻ ሳይሆን ፍሪሲዮኑም ይታይ።

የዘይቱ ቀለምም ይናገራል። አዲስ ሲሆን ጥርት ያለ፣ ወርቃማ ነገር ነው። ጥቁር ከሆነ ውስጡ የተፈጨ ላስቲክና ቆሻሻ አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ደግሞ የሚፈላበትን ሙቀት ያወርዳል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ መቋቋም አለበት። እርጥበት ሲጠጣ መስፈርቱ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። የስፖርት መኪና የጭስ ማውጫ ቱቦ ከፍሪሲዮን መስመር ብዙም ሳይርቅ ሲያልፍ፣ ባለቤቱም ቅዳሜ ትራክ ላይ ሲያስጮኻት፣ ይህ ቁጥር ወረቀት ላይ አይቀርም። ጠዋት ደህና የነበረ ፔዳል ከጥቂት ዙር በኋላ ስፖንጅ ሆኖ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከዳነ መጀመሪያ ዘይቱን ቀይሩ። ዶት 5 የሚባለው ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። የቁጥር ቅደም ተከተሉ አያታልላችሁ።

ፓምፑ ውስጥ ሲደበቅ

አሁን ኮርቬት። ከ1997 ጀምሮ በወጣው አምስተኛ ትውልድና እስከ 2013 በቆየው ስድስተኛው ላይ ሞተሩ ፊት ነው፣ ካምቢዮው ግን ኋላ ጎማዎቹ ጋ ነው። ክብደቱ እንዲመጣጠን። ፍሪሲዮኑ ፊት ከሞተሩ ጋር ቀርቷል። የታችኛው ፓምፕም እንደ ቀለበት ዘንጉን ከቦ ሽፋኑ ውስጥ ተቀምጧል። ማንሻ የለም፣ ውጭ የሚታይ ዘንግ የለም፣ የሚለካም የለም። እሱን ለመቀየር ጭስ ማውጫው ይወርዳል፣ የኋላው ተሸካሚ አካል ይወርዳል፣ ካምቢዮውና ሁለቱን የሚያገናኘው ረጅም ቱቦ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ነው ያቺን ቀለበት የምታዩት።

የእነዚህ ኮርቬቶች የታወቀ ሕመም ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ላይ እያለ ማርሽ ሲለወጥ ፔዳሉ ወለል ላይ መቅረቱ ነው። ዘይታቸውም ቶሎ ይጠቁራል። ከሸራው የሚነሳው ብናኝ በፓምፑ ጎሚኒ አልፎ ወደ ዘይቱ ይገባል የሚለው በባለቤቶቹ ዘንድ በሰፊው የሚታመን ማብራሪያ ነው። ያመጡት መላ ቀላል ነው። በስሪንጅ የመያዣውን ጥቁር ዘይት መምጠጥ፣ አዲስ መሙላት፣ ክዳኑን ገጥሞ ፔዳሉን ብዙ ጊዜ መርገጥ፣ ጥቁሩ ሲመለስ እንደገና መምጠጥ። ጥርት እስኪል ድረስ። ታች ብሎን ከፍቶ አየርና ዘይት እንደማስወጣት ፍጹም አይደለም፤ ማስወጫው ብሎን እጅ የማይደርስበት ቦታ ስለሆነ ግን ብልህነት ነው። መደረግ ያለበትም ፔዳሉ ከመታመሙ በፊት ነው። የተበላ ጎሚኒ በአዲስ ዘይት አይድንም።

ኒሳን 370ዜድ ላይም ፓምፑ ውስጥ ነው። በዚህች መኪና ላይ ቀለበቱ ደካማ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ከአሉሚኒየም የተሠራ ምትክ የሚሸጡ አሉ። ታላቅ ወንድሟ 350ዜድ እስከ 2006 ድረስ የውጭ ፓምፕ ነበራት፤ ከ2007 ወዲህ ወደ ውስጥ ገባ። ያገለገለች 350ዜድ የሚገዛ ሰው የተሠራችበትን ዓመት ቢጠይቅ ለዚህም ይጠቅመዋል።

እንዲህ ባሉት ላይ ታዲያ ምን እንለካለን? በቀጥታ መለካት ስለማይቻል በማስወገድ ነው የሚኬደው። ከሽፋኑ ሥር በኩል የፍሬን ዘይት እየተንጠባጠበ ከሆነ ቀለበቱ አፍስሷል፤ ምርመራው አልቋል። ጠብታ ከሌለ ወደ ታች የሚወርደውን ቱቦ ከላይኛው ፓምፕ ላይ ፈትቶ መውጫውን በትክክለኛ መድፈኛ መዝጋት ይቻላል። አየሩን አስወጥታችሁ ፔዳሉን ርገጡ። እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ከቆየ የላይኛው ፓምፕ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ታች ነው። ቀስ እያለ ከወረደ ጥፋተኛው የላይኛው ፓምፕ ነው፤ የኮርቬቱም ሆድ ሳይከፈት ተረፈ። ይህን ፈተና በጣም እወደዋለሁ። ጥቂት ደቂቃ ወስዶ የስንት ቀን ሥራ ያስቀራል። በኃይል ግን አትርገጡ፤ መቋቋሙን ለማየት እንጂ ለመስበር አይደለም።

አልይዝ የሚለው ፍሪሲዮን

ቃል የገባሁት ልዩነት ይህ ነው። ከፍ ባለ ማርሽ በዝቅተኛ ፍጥነት እየሄዳችሁ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስትረግጡ የሞተሩ ዙር ብቻ ዘሎ ከወጣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሸራው አልቆ ወይም ዘይት ነክቶት ይሆናል። ግን የዘይት መስመሩም ይህን ሊሠራ ይችላል።

ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ የላይኛው ፓምፕ ውስጥ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ ዘይት መያዣው ትከፈታለች። መስመሩ የሚተነፍሰው በእሷ ነው። የፔዳሉ ዘንግ ከልክ በላይ ረዝሞ ከተስተካከለ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ስለማይመለስ ቀዳዳዋ ተደፍና ትቀራለች። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ያብጣል፤ መውጫ ሲያጣ ታች ያለውን ፓምፕ ይገፋል። ማንም ሳይረግጠው ፍሪሲዮኑ በትንሹ ይለቃል። ጠዋት ደህና፣ ከሰዓት እየተንሸራተተ። ውስጧ የተላጠ ቱቦም እንዲሁ ዘይቱን አሳልፋ መመለሱን ትከለክላለች።

ማረጋገጫው አጭር ነው። መንሸራተቱ እንደታየ መኪናዋን አቁማችሁ ታች ያለውን አየር ማስወጫ ብሎን ለቅጽበት ላላ አድርጋችሁ መልሳችሁ ዝጉ። የዓይን መከላከያ አድርጉ፣ ዘይቱ ትኩስ ነው። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጥቶ ፍሪሲዮኑ ወዲያው መያዝ ከጀመረ ግፊት ታምቆ ነበር። መፍትሔውም የፔዳሉ ዘንግ ላይ ትንሽ ክፍተት መስጠት ወይም ቱቦዋን መቀየር ነው። አዲስ የላይኛ ፓምፕ ከተገጠመ በኋላ መንሸራተት ከጀመረ በተለይ ይህን አስቡ።

አየር ማስወጣት፣ ከዚያም ቀጣዩ

ፓምፕ ከተቀየረ አየር ይገባል፤ መውጣትም አለበት። የተለመደው መንገድ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ቀስ ብሎ ይረግጣል፣ ሌላው ታች ብሎኑን ይከፍታል፣ ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት ይዘጋል። በችኮላ መርገጥ አየሩን ወደ ብዙ ጥቃቅን አረፋ ይበትነዋልና ቀስ ማለት ያዋጣል። የላይኛው መያዣ በፍጹም ባዶ እንዳይሆን፤ ከሆነ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ማስወጫው ብሎን ከፓምፑ ላይ ከፍተኛው ቦታ መሆኑንም እዩ። አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። እምቢ ካለ ሚያታ ላይ የሚሠራ መላ አለ፤ የታችኛውን ፓምፕ ከሁለቱ ብሎኖች ፈትታችሁ ዘንጉን በእጅ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። አረፋው በቱቦው ወደ ላይ ወጥቶ በመያዣው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ፓምፑ ተፈትቶ ሳለ ግን ማንም ፔዳሉን እንዳይረግጥ፤ ፒስተኑ ተፈናጥሮ ይወጣል።

የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት እንዳይጨመር። በዚያ ጎሚኒዎቹ አብጠው መላው መስመር ይበላሻል። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ይከበር። ሚያታ ላይ ሁለቱንም ፓምፖች አብሮ መቀየር የተለመደ ነው፤ እኔም እንዲሁ ነው የምመክረው። አንዱ ካረጀ ሌላውም እኩያው ነው፤ ዕቃውም ውድ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንደገና ለኩ። ዘንጉ ሙሉ ጉዞውን ሄዶ፣ ሲያዝም ሳይመለስ፣ ማርሹ ግን አሁንም እምቢ ካለ፣ የዘይት መስመሩ ነፃ ወጣ። የቀሩት ተጠርጣሪዎች ውስጥ ናቸው። ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ጋራዥ ውስጥ የቆመች መኪና ከሆነች ሸራው ዝጎ ከፍላይዊሉ (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጋር ተጣብቆ ይሆናል። ስትቆም ደህና የነበረች፣ ስትነሳ ድንገት እምቢ ያለች እንደሆነ ይህ ይቀድማል። ማንሻው ተጣምሞ ወይም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍባት ትንሽ ኩሽኔታ ደርቃ ዘንጉን ከሞተሩ ጋር እያዞረችው ሊሆን ይችላል። ድምፅም ይረዳል። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር ጩኸት ወደ መላቀቂያው ኩሽኔታ ወይም ወደዚያች ትንሿ ይጠቁማል። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ ግን የካምቢዮው የራሱ ኩሽኔታ ነው።

አሁን ካምቢዮው ይውረድ። አንዴ ከወረደ ግን ሸራውን ብቻ ቀይሮ መመለስ አይገባም። መላቀቂያው ኩሽኔታ፣ ትንሿ ኩሽኔታ፣ የሞተሩ የኋላ የዘይት ጎሚኒ፣ ውስጥ የሚቀመጥ ፓምፕ ካለም እሱ፣ ሁሉም አብረው ይታዩ። የፍላይዊሉ ፊትም ይመርመር፤ ጥቁርና ሰማያዊ የተቃጠለ ነጥብ ካለው ይላግ ወይም ይቀየር። መካኒኩ ስንት ብር እንደሚጨምር ከመጀመሩ በፊት ጠይቁት፤ የወጡትን አሮጌ ዕቃዎችም ሳይጥል እንዲያሳያችሁ ንገሩት።